ታይመሩ የግቢውን መብራት አያጠፋም፣ እቃው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ?

የሰሚቱ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው፣ የምታውቁ ካላችሁ ተባበሩኝ።

እናቴ ግቢ ውስጥ አራት ፓውዛ አለ። ሁለቱ በሩ ላይ፣ አንዱ ጓሮ፣ አንዱ ሰርቪስ ቤቱ ጋ። ሁሉም 50 ዋት ኤልኢዲ ናቸው። ማታ ማብራቱን አትረሳም፣ ጠዋት ማጥፋቱን ነው የምትረሳው። ስንት ጊዜ ጎረቤት በር አንኳኩቶ "እማማ፣ መብራትዎ በርቶ ዋለ እኮ" ብሏታል።

ባለፈው ቅዳሜ ታይመር ገዝቼ ሄድኩ። ያቺ ትንሽ ስክሪን ያላት፣ ሳጥን ውስጥ ከብሬከሮቹ ጎን በተርታ የምትገባው ናት፣ ፊቷ ላይ 220 ቮልት 16 አምፔር ይላል። መጀመሪያ በረንዳው ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ ቦታ ልናስገባት አስበን ነበር፣ ስንከፍተው ግን ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ገብቶ ፌዝ ይወጣል እንጂ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) የሚባል ነገር የለም። ታይመሯ ደግሞ ራሷ እንድትሠራ ሁለቱንም ትፈልጋለች። ስለዚህ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ወሰድናት። የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው የሠራው። ዋናውን ብሬከር ጥሎ፣ በቴስተር አይቶ ነው የነካው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም።

ሰዓቷን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሰዓትና ቀኑን ከስልኬ አይቼ ሞላሁ። ከዚያ ማታ 12 ተኩል እንድታበራ፣ ጠዋት 12 ከሩብ እንድታጠፋ አደረግኩ፣ ሰባቱንም ቀን። ለሙከራ በእጅ አበራሁ፣ በራ። ወደ አውቶ፣ ማለትም በፕሮግራሟ ወደምትሠራበት፣ ስመልሳት አልጠፋችም፣ ገና ቅድም ስለበራች ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሲመሽ ግቢው ቦግ እንዳለ ነው፣ እናቴ መረቀችኝ፣ ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት ደወለች፣ አልጠፋም። ሰኞም አልጠፋም። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ፓውዛው ሌት ተቀን እየነደደ ነው። ሠራተኛዋ "ትናንት ምሳ ሳቀርብ ትንሽ ጠፍቶ ተመልሶ በራ" ብላለች፣ እኛ ግን መብራት ሄዶ መጥቶ ይሆናል ብለን አለፍነው።

ሱቁ ሄጄ ልጣላ? አራቱ ሲደመሩ 200 ዋት ናቸው፣ በ24 ሰዓት 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ቶሎ መልሱልኝ፣ ቆጣሪው እየበረረ ነው።

ካቻቪቴ፦

ቆይ፣ ከሱቁ ጋር ገና አትጣላ።

እንደዚህ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሪሌዋን ነው። ሪሌ ማለት ታይመሯ ውስጥ ያለች፣ በራሷ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ቀጭ ስትል የምትሰማት እሷን ነው። ኤልኢዲ ፓውዛ በጣም ትንሽ ኃይል የሚጠቀም ይመስላል፣ እውነትም ነው፣ ግን በሚበራባት ቅጽበት ውስጡ ያለው ካፓሲተር እስኪሞላ ድረስ የሚስበው ከተጻፈው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያቺ ቅጽበት ናት የሪሌዋን መገናኛ እየለበለበች በመጨረሻ የምታጣብቀው። ከተጣበቀ በኋላ ስክሪኑ ላይ ኦፍ ቢልም መብራቱ አይጠፋም። ፊቷ ላይ 16 አምፔር ተጽፏል ብለህ 16 አምፔር ሙሉ የኤልኢዲ መብራት አትጫንባት፣ እሱ ቁጥር ለምጣድና ለካውያ ዓይነት ጭነት ነው።

ያንተ ግን 200 ዋት ነው፣ አንድ አምፔር እንኳን አይሞላም። በአራት ቀን ትጣበቃለች ብዬ አላምንም። ስለዚህ እንዲህ ሞክር፦ ማንዋል የሚለውን እየተጫንክ ኦፍ ላይ አድርሳት። ቀጭ ብላ መብራቱ ከጠፋ ሪሌዋ ደህና ናት። ቀጭ ብላ መብራቱ ካልጠፋ ወይ ተጣብቋል፣ ወይ ኤሌክትሪሺያኑ የድሮውን ማብሪያ ማጥፊያ ከታይመሯ ጋር ጎን ለጎን አገናኝቶት ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ አግኝቷል። እሱን ለማወቅ የበረንዳውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍተህ እይ።

ቁልፎቹ አልታዘዝ ካሉህ ተቆልፈው ነው። በብዙዎቹ ላይ ሲ አር የሚለውን አራት ጊዜ ስትጫን ይከፈታል። እኔን ራሴን አንድ ቀን ሙሉ አስለፍታኛለች።

የሰሚቱ ልጅ፦

አመሰግናለሁ ካቻቪቴ። ለእናቴ በስልክ እየነገርኳት ሞከርን (ይሄ ራሱ ግማሽ ሰዓት ወሰደ)። ኦፍ ላይ ስታደርሰው ቀጭ አለ፣ አራቱም ጠፉ። መልሳ ኦን ስትለው በራ። ስለዚህ ሪሌው ደህና ነው ማለት ነው? ታዲያ ለምንድን ነው በራሷ የማታጠፋው?

ዘቢደር፦

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ማታ 12 ተኩል ብለህ ስትሞላ ስክሪኑ ላይ ያስገባኸው ቁጥር ምንድን ነው? ልክ እንዳስገባኸው ጻፍልኝ። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓትስ ስንት ይላል?

የሰሚቱ ልጅ፦

ኦን 12:30፣ ኦፍ 12:15። አሁን እናቴ ስታነብልኝ ሰዓቱ 16:52 ይላል።

አይይይ። ቆይ። ቆይ።

ዘቢደር፦

😂 ገባህ አይደል?

ታይመሯ የምትቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምራ እስከ 23:59 ነው። አንተ ሰዓቱን ከስልክህ ስለቀዳህ ሰዓቷ ልክ ነው፣ በፈረንጅ ነው የሞላኸው። ፕሮግራሙን ግን በእኛ ሞላኸው። ለእሷ 12:30 ማለት ቀን 6 ሰዓት ተኩል ነው። 12:15 ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ከሩብ። ስለዚህ በየቀኑ 6 ተኩል ላይ ታበራለች፣ ሌሊቱን ታድራለች፣ በማግስቱ 6 ከሩብ ላይ ታጠፋለች፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሳ ታበራለች። ሠራተኛችሁ ምሳ ስታቀርብ ያየችው እሱን ነው። መብራት አልሄደም፣ ታይመሯ ያልካትን እያደረገች ነበር። በ24 ሰዓት ውስጥ ለሩብ ሰዓት ብቻ እንድታርፍ አዘሃት ነበር ምስኪኗን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፣ አንድ ቦታ ጻፈው። በቀን ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽት 12፣ 6 ትደምራለህ። ምሽት 12 ተኩል 18:30 ይሆናል። ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 5 ድረስ 18 ትደምራለህ፣ ማታ 3 ሰዓት 21:00 ነው። ሌሊት 6 ሰዓት 00:00 ይሆናል። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት 12 ድረስ ስድስት ትቀንሳለህ፣ ሌሊት 10 ተኩል 04:30፣ ጠዋት 12 ከሩብ ደግሞ 06:15። ሰዓቷን ራሷን በእኛ አቆጣጠር ልሙላት ብለህ እንዳታስብ፣ አንድ ጎረቤቴ ሞክሮት ነበር፣ ቀንና ሌሊቱ ተገላብጦበት ቀኑ እንኳን በትክክል አይቀየርም ነበር፣ ሰኞ ምሽት ላይ ማክሰኞ ትላለች።

ሌላ ደግሞ። ለሙከራ በእጅ አብርተህ በቀጥታ ወደ አውቶ ከመለስካት እስከሚቀጥለው ኦፍ ድረስ እንደበራች ትቆያለች። ቅዳሜ ያልጠፋችው ለዚያ ነው። ከጠፋችበት ተነስተህ ወደ አውቶ መልሳት። ማለትም ማንዋሉን እየተጫንክ መጀመሪያ ኦፍ፣ ከዚያ አውቶ። ቀን ላይ ከሆነ እንደጠፋች ትጠብቅና ምሽት ላይ ታበራለች። ማታ የምትሞላት ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው፣ ከኦን ወደ አውቶ።

የሰሚቱ ልጅ፦

ዘቢደር እግዜር ይስጥሽ። ልጄን ሒሳብ የማስጠና ሰው ነኝ እኮ፣ ለማንም እንዳትናገሩ። ከሥራ ስወጣ ሄጄ አስተካክላታለሁ፣ በስልክ ፕሮግራም ማስለወጥ እናቴን ማሰቃየት ነው።

ሱቁ ሄጄ ብጣላ ኖሮ እንዴት እንደምዋረድ ሳስበው...

እሙ ከነታንያ፦

ሳነበው ሳቄ አልቆመልኝም፣ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ይሄው ነው የሆነው።

እዚህ እስራኤል ታይመር የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል፣ ሰንበት የሚያከብር ሰው ዓርብ ፀሐይ ከገባች በኋላ መብራት አይነካም፣ ስለዚህ ቀድሞ ይሞላዋል። ሸዖን ሻባት ነው የሚሉት፣ የሰንበት ሰዓት እንደማለት። የአባቴ ቤት ያለው ክቡ፣ በሜካኒክ የሚሠራው ነው። ዙሪያውን ትንንሽ ጥርሶች አሉት፣ አንዷ ጥርስ 15 ደቂቃ ናት፣ ጠቅላላው 96። አንዳንዱ በ30 ደቂቃ የሚሄድም አለ፣ እሱ 48 ጥርስ ነው ያለው። መብራት እንዲበራ በምትፈልጊበት ሰዓት ጥርሶቹን ትጫኛለሽ፣ አለቀ። አባቴ ከአገር ቤት በመጣ ሰሞን ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚቆጥረው፣ ዓርብ ማታ ለ3 ሰዓት ብሎ ሞልቶት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቤቱ ቦግ ሲል እናቴ ሌባ ገባ ብላ ጮኸች። ማጥፋት ደግሞ አይቻልም፣ ሰንበት ነው፣ እስኪነጋ እንደዚያው አደርን።

አሁን ተለማምዷል፣ ግን እዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱ ይቀየራል። በመጋቢት አካባቢ አንድ ሰዓት ወደፊት የሚሄደው ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት ነው፣ ማለትም በዚያው ዕለት ማታ ሰንበት ይገባል። የረሳ ሰው መብራቱ አንድ ሰዓት አሳልፎ ነው የሚበራውም የሚጠፋውም። እናንተ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ፣ አዲስ አበባ ሰዓት አይቀያየርም።

ግን ያንን ክቡን ለአዲስ አበባ አልመክርም። በመብራት ነው የሚዞረው፣ መብራት ሲሄድ እሱም ይቆማል። ሁለት ሰዓት መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል።

ቦሌ ቡልቡላ፦

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፎቶሴል ግዛ፣ ሲጨልም ያበራል፣ ሲነጋ ያጠፋል፣ ሰዓት የለው፣ ፕሮግራም የለው፣ መብራት ቢሄድ ቢመጣ ግድ የለው። እኔ ከተከልኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። ታይመር እኮ ለቢሮ ነው።

ካቻቪቴ፦

ፎቶሴል መጥፎ አይደለም ቡልቡላ፣ ግን ሁሉን አይሠራም። ከመሸ እስኪነጋ ነው የሚያበራው፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አጥፋልኝ ብትለው አይሰማህም። አቀማመጡም ያስቸግራል። ራሱ የሚያበራው ፓውዛ ብርሃን ከደረሰው ነጋ ብሎ ያጠፋል፣ ሲጠፋ ጨለመ ብሎ ያበራል፣ እንዲህ እያለ ሲያንቦገቡግ ያድራል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ደመናው ሲከብድ ቀን 9 ሰዓት ላይ የሚበራ አይቻለሁ። አቧራ ሲለብስማ ለእሱ ሁልጊዜ ማታ ነው።

ፀሐይን መከተል አለበት የሚለውን ክርክር ለፈረንጅ አገር ተወው። በክረምትና በበጋ የቀናቸው ርዝመት በብዙ ሰዓት የሚለያይ እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ቀድማ የምትገባው ኅዳር አካባቢ ነው፣ 12 ሰዓት ካለፈ በጥቂት ደቂቃ። ዘግይታ የምትገባው ሐምሌ ላይ ነው፣ እሱም ወደ 12 ከ50 ገደማ። ልዩነቱ አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ማታ 12 ከ20 ብለህ ከሞላህ ዓመቱን ሙሉ ብትተዋትም ማንም ጨለማ ውስጥ አይደናበርም።

የሰሚቱ ልጅ፣ አንተ ግን አራቱንም ፓውዛ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር አለብህ ወይ? 200 ዋት በ12 ሰዓት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 72። ታሪፉ ደግሞ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እያደገ የሚሄድ ነው። ታይመሯ ብዙ ፕሮግራም ትይዛለች፣ ሁለት አድርገው።

የሰሚቱ ልጅ፦

ትናንት ማታ ሄጄ አስተካከልኳት። እንዲህ አደረግኩ፦ ፕሮግራም አንድ ኦን 18:20 ኦፍ 23:30፣ ፕሮግራም ሁለት ኦን 04:30 ኦፍ 06:20። ሁለተኛው ለእናቴ ነው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ኪዳን ለማድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትወጣለች፣ ግቢው ጨለማ ሲሆን ደረጃው ያስፈራኛል። በድምሩ ሰባት ሰዓት ነው። ካቻቪቴ ባልከው ስሌት በወር 72 የነበረው ወደ 42 ይወርዳል። መሃል ሌሊት ላይ ጨለማ አይሆንም ወይ ብላ ትንሽ ተከራከረችኝ፣ የሰርቪሱን አንዷን ፓውዛ ከታይመሯ አውጥተን በራሷ ማብሪያ ማጥፊያ እንድትሆን ተስማማን።

ሰርቷል! ምሽት 12 ከ20 ላይ ቀጭ ብሎ ሲበራ ሁላችንም ሳጥኑ ፊት ቆመን ነበር፣ እንደ ርችት።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። እዚያ ሰፈር መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ልሞላት ነው?

ዘቢደር፦

አይደለም። ውስጧ ትንሽ ባትሪ አለች፣ ሰዓቱንም ፕሮግራሙንም እሷ ትይዛለች። መብራት ሲኖር ትሞላለች። አዲስ ስትገዛት ብዙ ጊዜ ባትሪዋ ባዶ ነው፣ ስክሪኑ ፈዞ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ታገኛታለህ። ተሰክታ ጥቂት ሰዓት ከቆየች በኋላ ነው ሰዓትና ፕሮግራሙን የምትሞላው፣ አለበለዚያ የዚያኑ ዕለት መብራት ከሄደ ልፋትህ ገደል ገባ። ስክሪኑ የተምታታ ነገር ካሳየ ፊቷ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በመርፌ ጫን ስታደርጋት ሁሉም ይጠፋና ከሀ ትጀምራለህ።

ባትሪዋ ከዓመታት በኋላ ትደክማለች። ምልክቱ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ሰዓቱ 00:00 ላይ ሆኖ ማግኘትህ ነው። ያን ጊዜ ነው ከሱቁ ጋር የምትጣላው 😄 ቀልዴን ነው፣ ያን ጊዜ ሌላ መግዛት ነው።

ለእናትህ በወረቀት ላይ ሁለቱንም ሰዓት፣ የእኛንና የታይመሯን፣ ጎን ለጎን ጻፍላትና የሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፍ። አንተ በሌለህበት ሌላ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ "ተሳስቷል" ብሎ እንዳያስተካክለው።

ብርቱካን፦

ሰላም፣ ውይይቱን ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። ይህችው ታይመር ለቦይለር ትሆናለች? ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ውሃው እንዲሞቅልኝ ነው የምፈልገው። እና ለምጣድስ? ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ምጣዱ ግሎ ቢጠብቀኝ እንጀራ ጋግሬ ሥራ እሄድ ነበር።

ካቻቪቴ፦

ቦይለር ይሆናል እህቴ፣ ግን በቀጥታ አታገናኚው። 2000 ዋት የሆነ ቦይለር 9 አምፔር ገደማ ይስባል፣ በወረቀት ላይ ታይመሯ ትችለዋለች፣ በየቀኑ ሲሆን ግን ትሞቃለች፣ በተለይ ሽቦው በደንብ ካልጠበቀ። ኮንታክተር የሚባል እቃ አለ፣ ታይመሯ ኮንታክተሩን ታዛለች፣ ከባዱን ጭነት ኮንታክተሩ ይሸከማል። ለኤሌክትሪሺያኑ "በኮንታክተር አድርግልኝ" በዪው፣ ይገባዋል። የቦይለሩ ሰውነት አርዲንግ (ወደ መሬት የሚሄድ ሽቦ) እንዳለውም አስፈትሺ፣ ውሃና መብራት ነው።

ምጣድ ግን በጭራሽ። 3500 ዋት እና ከዚያም በላይ ነው፣ 16 አምፔሩን ጠርዝ ላይ ያደርሰዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው በሌለበት በራሱ የሚግል ምጣድ፣ ላዩ ላይ ማታ የተረሳ ማሰሻ ጨርቅ ሊኖር ይችላል። እሱን ተነስተሽ ራስሽ አብሪው።

ብርቱካን፦

ማሰሻውስ እውነትህን ነው፣ ሁሌ ላዩ ላይ ነው የምተወው። ቦይለሩን ብቻ አሠራለሁ። ጠዋት 11 ሰዓት እንዲበራ 05:00 ነው አይደል የምሞላው?

ዘቢደር፦

አዎ፣ 05:00። ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ስለሆነ ስድስት ቀንሺ።